“ቁርጥ ጥላሁን” ሲሉኝ ያመኛል

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ምሽት ክበብ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ከባንድ ጋር እዘፍናለሁ። የተቀጠርኩት የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች ስለምጫወት ነው። ሰው “ቁርጥ ጥላሁን!” ሲለኝ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ግን ያመኛል። የራሴን ሁለት ዘፈኖች ሞክሬ ነበር፤ ገና ስጀምር ጠረጴዛው ሁሉ ወደ ወሬው ይመለሳል። ይባስ ብሎ መሃል ላይ የጥላሁን ቅላጼ ያመልጠኛል። መድረክ ላይ የቆመው ሰውዬ እኔ አልመስልህ ይለኛል። አስመሳይ ነኝ ወይ? ሌላው ደግሞ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አፌ ይደርቃል። ጓደኞቼ “አንድ መለኪያ አረቄ በል” ይሉኛል፤ እውነቱን ለመናገር እየለመድኩት ነው። እሁድ እሁድ ድምፄ ይዘጋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ድምፁ የጠፋበት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ዋናውን ነገር በአንድ መስመር ጣል አድርገህ አልፈኸዋል። የራስህን ዘፈን እየዘፈንክ የጥላሁን ቅላጼ የሚያመልጥህ ለምን እንደሆነ ከገባህ ሌላው ጥያቄህ ግማሹ ይፈታል።

ሮበርት ዛዮንክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ከእሱ በፊት የተሠሩ ጥናቶችን አገጣጥሞ አንድ ነገር አሳይቷል። ሰው በሰው ፊት ሲቆም ሰውነቱ ይነቃቃል። የተነቃቃ ሰውነት ደግሞ አብልጦ የለመደውን ነገር ያወጣል። የለመደው ነገር የበሰለ ከሆነ ከወትሮው አምሮ ይወጣል፤ ጥሬ ከሆነ ከወትሮው ብሶ ይበላሻል። አንተ የጥላሁንን ዘፈኖች ከልጅነትህ ጀምሮ ስትሰማና ስታንጎራጉር ኖረሃል፤ የራስህን ሁለት ዘፈኖች ግን ምናልባት ከባንዱ ጋር ጥቂት ጊዜ ሞክረህ ነው የወጣኸው። መብራቱ ሲበራ ጉሮሮህ ወደሚያውቀው መንገድ ይሮጣል። የሚያውቀው መንገድ የጥላሁን ነው። የራስህ ነገር የለህም ማለት ግን አይደለም፤ የራስህ ነገር ገና ልምምድ አላገኘም። ስለዚህ “እኔነቴ የት ነው ያለው?” ብለህ ውስጥህን ስትመረምር አትደር። መድረክ ላይ የሚወጣው እኔነት በየቀኑ የተደጋገመው ነው፤ ሥራውም የጉሮሮና የጆሮ ሥራ ነው።

“አስመሳይ ነኝ ወይ?” ላልከው አጭር መልስ አለን፤ አይደለህም። ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደውን ሴት አስብ። ሟቹን በቅርብ ላታውቀው ትችላለች። ግጥሟን ትመርጣለች፣ ድምፇን ታነሳለች፣ ደረቷን መቼ እንደምትመታ ታውቃለች፤ ድንኳኑን ሙሉ ታስለቅሳለች። ማንም “ዋሸች” አይላትም። ሰው አያቱ ፊት፣ አለቃው ፊትና የሰፈር ጓደኛው ፊት አንድ ዓይነት ሆኖ አያወራም፤ ሦስቱም እሱ ነው። መድረኩ አራተኛው ነው። እዚያ ላይ የእጅ እንቅስቃሴ ይሰፋል፣ ፊት ይጎላል፣ ኀዘንም ደስታም ከኋላ ላለው ጠረጴዛ እስኪደርስ ይተልቃል። ይህን ማፈሪያ ያደረገው ማን እንደሆነ አናውቅም። በነገራችን ላይ፣ ሙሾ አውራጇ ራሷ እንባ ካነቃት ዜማው ይቆማል፤ ለቅሶ ሲመጣ ጉሮሮ ስለሚጨመደድ ረጅም ድምፅ መያዝ አይቻልም። ስሜቱን ልምምድ ላይ እስከ ጥግ ሂድበት፤ መድረክ ላይ ግማሹን ብቻ አስታውስ።

አንተን የሚያስጨንቅህ የሌላ ሰው ጓዝ ተሸክመህ መውጣትህ ነው። ጓዙ ያለው በሦስት ቦታ ነው፦ በቶኑ (ዘፈኑ በሚነሳበት የድምፅ ከፍታ)፣ በትንፋሹና በቅላጼው። በዚሁ ቅደም ተከተል አውርደው።

ቶኑ መጀመሪያ ነው፤ ብዙ ወጣት ዘፋኝ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ባንዱ ዘፈኑን ከካሴት ባጠናው ቶን ይጫወታል፤ ዘፋኙም አንገቱን አስግጎ ይከተላል። በሌላ ሰው ቶን ስትዘፍን ድምፅህ የሚከብደውም የሚቀለውም እሱ የከበደውና የቀለለው ቦታ ላይ ይሆናል፤ ሳትፈልግ የእሱን ቀለም ትይዛለህ። ኪቦርድ ተጫዋቹን ግማሽ ሰዓት ለምነው። ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ እየተጫነ በግማሽ ቶን፣ በግማሽ ቶን ዝቅ ያድርግልህ። በየደረጃው የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ ብቻ አምስት ጊዜ ደጋግመህ ዝፈን። አገጭህ ወደ ላይ ካልወጣ፣ የአንገት ሥርህ ካልተገተረና አምስተኛው እንደ መጀመሪያው ከወጣ ቶንህን አግኝተሃል። ከሁለት እስከ አራት ግማሽ ቶን ብትወርድ አይግረምህ። ደግሞ ብዙ አትውረድ፤ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ቃሉ ከባሱ ጋር ተቀላቅሎ ከጠፋ አልፈኸዋል። ሳክስፎንና ትራምፔት ተጫዋቾች አዲስ ቶን በድንገት ሲነገራቸው ያኮርፋሉ፤ አይፈረድባቸውም፣ የጣታቸው አያያዝ በሙሉ ይቀየራል። ከሳምንት በፊት ንገራቸው።

ትንፋሹ ከሁሉም በላይ ሰውን ከሰው ይለያል፤ ግን ማንም አያስተውለውም። ለልምምድ ያዘጋጀናትን ይህችን ስንኝ ውሰድ፦

ደርሶ ተመላሽ ነው፣ የልቤ መንገደኛ፣
ሲነጋ የሚሄድ፣ ሲመሽ የሚተኛ።

እያንዳንዱ መስመር ስድስትና ስድስት ቀለም ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚተነፍሰው “ነው” ከሚለው በኋላ ነው። ቀላሉ ቦታ እሱ ነው። አሁን እዚያ አትተንፍስ፤ “ደርሶ ተመላሽ ነው የልቤ” ብለህ ቀጥልና “መንገደኛ” ከማለትህ በፊት ቁም። የሚሰማህ ሰው “የልቡ ምኑ?” ብሎ ይጠብቅሃል፤ ክብደቱ በሙሉ “መንገደኛ” ላይ ያርፋል። ሦስተኛው መንገድ፣ በሁለቱ መስመሮች መሃል ሳትተነፍስ “መንገደኛ ሲነጋ” ብለህ አያይዝና ከ“ሲነጋ” በኋላ ተንፍስ። ያኔ መንገደኛው ሳይቀመጥ ብድግ ያለ ይመስላል። ዜማው ያው፣ ቃሉ ያው፣ የሰማናቸው ሰዎች ግን ሦስት ናቸው። አንድ የምትወደውን ዘፈን ግጥም በእጅህ ወረቀት ላይ ጻፍ። ለሦስት ሳምንት የተቀረጸውን አትስማው። ግጥሙን ያለ ዜማ፣ ለሰው እንደምታወራ አድርገህ ጮክ ብለህ አንብበው፤ ስታወራ የተነፈስክበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ከዚያ ዜማውን በዚያ ምልክት ላይ አልብሰው። መጀመሪያ ላይ አንካሳ ይሆንብሃል፤ የችክችካው ምት የለመደበት ቦታ እንድትተነፍስ ይጎትትሃል። ምቱን ወደ ግማሽ ፍጥነት አውርደህ ሥራው እንጂ ምልክቱን አትቀይር።

ቅላጼውን በአንድ ጊዜ ለመቀየር የሚሞክር ሰው አንዱን ማስመሰል በሌላ ማስመሰል ይተካል። መጀመሪያ ማራገፍ ይሻላል። ለአንድ ሳምንት፣ በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ዘፈኑን ምንም ሳታንቀጠቅጥና ሳታዞር እንደ ሕፃናት መዝሙር ደረቅ አድርገህ ዝፈነው። ከሥር ክራር ወይም ኪቦርድ አንዲት ድምፅ ብቻ ይያዝልህ። ይሰለቻል፤ ይሰልች። በሁለተኛው ሳምንት ራስህን ልቀቀው። አንዳንድ ማዞሪያ ሳትጠራው ተመልሶ ይመጣል። የተመለሰው ጥላሁን ባዞረበት ቦታ ከሆነ አውጣው፤ በሌላ ቦታ ከሆነ አቆየው፤ የአንተ ነው። ስልክህን ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ላይ አስቀምጠህ ቅረጽና በማግስቱ ስማው፤ የዚያኑ ዕለት ጆሮህ ስለደከመ አይፈርድም። የተቀረጸው ድምፅ ቀጭንና ባዕድ ቢመስልህ አትደንግጥ። ስትዘፍን ራስህን የምትሰማው በአየርም በራስ ቅልህ አጥንትም ነው፤ አጥንቱ ወፍራሙን ድምፅ ይጨምርልሃል፣ ስልኩ ግን የሚይዘው የአየሩን ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሌም የሚሰማህ እንደ ስልኩ ነው። ብዙ ዘፋኝ በዚህ ደንግጦ ድምፁን ሊያወፍር ይታገላል፤ ከዚያ የጎረነነ ሰው ይሆናል። ጥላሁንን ጨርሶ የማያውቅ አድማጭ ብታገኝ አስፈርደው እንል ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል!

ለዚህ ሁሉ ከትዝታ የተሻለ መለማመጃ አናውቅም። ዜማው የሁሉም ነው፣ ስንኙን እያንዳንዱ ዘፋኝ ይመርጣል፣ ስለዚህ “ከእገሌ ወሰደ” የሚልህ የለም። አራት የምታምንባቸውን ስንኞች ያዝ፣ በክራር ብቻ ጀምር፣ ባንዱ በሦስተኛው ስንኝ ይግባ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ወሬ እንምጣ። ይኸው ዛዮንክ እ.ኤ.አ. በ1968 ሌላ ነገር አሳትሟል፤ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ስላየው ወይም ስለሰማው ብቻ እየወደደው ይሄዳል። ደንበኞችህ የጥላሁንን ዘፈን የሚወዱት ዘፈኑ ግሩም ስለሆነ ነው፤ በዚያ ላይ ሠርጋቸው ላይ፣ ታክሲ ውስጥና እናታቸው ቤት ሰምተውታል። ያንተን የሰሙት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ዘፈኖችህን በየሳምንቱ አትቀያይር። አንዱን ምረጥና ለሁለት ወር በየምሽቱ ተጫወተው። “አሁን ደግሞ የራሴን አዲስ ዘፈን…” ብለህ አታስተዋውቅ፤ ያ ማስታወቂያ ለአድማጩ የመጸዳጃ ቤት ሰዓት ነው። ባንዱ ሳያቆም ከታወቀ ዘፈን ጋር አያይዘው፤ ምቱ የተቀራረበ፣ ቅኝቱ (ዜማው የተሠራባቸው አምስት ድምፆች) አንድ ይሁን። ከትዝታ ሜጀር ተነስተህ አንቺ ሆዬ ላይ ከወደቅክ፣ ከአንድ መነሻ ብትጀምር እንኳ ከአምስቱ ድምፆች የሚጋሩት ሁለቱን ብቻ ነው፤ የሰው ጆሮ ይደናበራል፣ የተደናበረ ሰው ደግሞ ወደ ጓደኛው ዞሮ ያወራል። ቦታው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ይሁን፤ መጀመሪያ ላይ ሰው ገና ቢራውን እያዘዘ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጭፈራ ይፈልጋል። አዝማቹን በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ አስገባ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠረጴዛ አዝማቹን ካንጎራጎረልህ መንገድ ላይ ነህ። ሁለት ወር ሙሉ ማንም ካልተቀበለህ ግን ጥፋቱን የአድማጭ አታድርገው፤ ዘፈኑ ደካማ ሊሆን ይችላልና ሁለተኛውን ሞክር።

በጥላሁን በር መግባትህ ሊያሳፍርህ አይገባም። ማሕሙድ አሕመድ በ1950ዎቹ አጋማሽ አሪዞና ክለብ ውስጥ ተራ ሠራተኛ ነበር። የክቡር ዘበኛ ባንድ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ የሚሰባሰቡት እዚያ ነበር። አንድ ምሽት ጥላሁን ሲቀር ጥቂት ዘፈኖች ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፤ ብዙም ሳይቆይ የባንዱ አባል ሆነ። በጥላሁን ቦታ ቆሞ የጀመረውን ሰው ዛሬ ከጥላሁን ጋር የሚያምታታው የለም።

የክበቡ ባለቤት የቀጠረህ ለጥላሁን ዘፈኖች መሆኑን አትርሳ። ነገ ተነስተህ “ከእንግዲህ የራሴን ብቻ” ብትል ከነገ ወዲያ ሌላ ልጅ ይቆምበታል። በአንድ ዙር ስምንት ዘፈን የምትጫወት ከሆነ ስድስቱ እንዳሉ የጥላሁን ይሁኑ፣ አንዱ ትዝታ፣ አንዱ ያንተ ይሁን። ስድስቱንም ቢሆን በአዲሱ ቶንህና በአዲሱ ትንፋሽህ ተጫወታቸው። ባለቤቱ ልዩነቱን ላያውቀው ይችላል፤ አንተ ግን በየምሽቱ ስድስት ጊዜ ራስህን እየተለማመድክ ነው። ከስድስቱ አንዱን ቀርጸህ ለመልቀቅ ካሰብክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የግጥሙንም የዜማውንም ባለቤት መብት ይጠብቃል። ከባለመብቶቹ ወይም ከወራሾቻቸው በጽሑፍ ፈቃድ ሳትይዝ ስቱዲዮ አትግባ።

መንቀጥቀጡ የፍርሃት ብቻ ምልክት አይደለም፤ ሰውነትህ አድሬናሊን እየለቀቀ ለሥራ እየተነሳ ነው። ችግሩ “ተረጋጋ፣ ተረጋጋ” ስትለው አይሰማህም። ተመራማሪዋ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ካራኦኬ ከመዝፈናቸው በፊት አንዳንዶቹ “ጓጉቻለሁ”፣ አንዳንዶቹ “ጨንቆኛል” እንዲሉ ተደረገ፤ ጓጉቻለሁ ያሉት ዜማውን በተሻለ ልክ ዘፈኑ። የልብ ምቱ ያው ነው፤ ስሙን ብቻ ቀይርለት። ከመውጣትህ በፊት ለሦስት ደቂቃ አራት እየቆጠርክ ወደ ውስጥ፣ ስምንት እየቆጠርክ ወደ ውጪ ተንፍስ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች ማይኩን ከስታንዱ አታውርደው፤ ያልያዝከው ማይክ አይንቀጠቀጥም። መክፈቻህ በእንቅልፍህ የምታውቀው ዘፈን ይሁን፤ ከላይ እንዳልነው የነቃ ሰውነት የበሰለውን ያሳምረዋል። አፍህ ሲደርቅ የምላስህን ጫፍ ቀስ ብለህ ንከስ፣ ምራቅ ይመጣል፤ ቀዝቃዛ ሳይሆን ለብ ያለ ውኃ አስቀምጥ። ሰው ሁሉ እጅህን የሚያይ ይመስልሃል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት የሚያሳፍር ቲሸርት ለብሰው ሰው ወደተሰበሰበበት ክፍል የገቡ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሰው እንዳስተዋላቸው ገመቱ፤ ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር።

አረቄውን ተወው። እጅን ያረጋጋ ይመስላል፣ ጆሮን ግን ያደነዝዛል፤ ከቶን መውጣትህን የምታውቀው በማግስቱ ቪዲዮ ላይ ይሆናል። በዚያ ላይ በመጠጥ የተለማመደ ጉሮሮ ያለ መጠጥ መውጣት ያቅተዋል። ጫትም ያው ነው፤ ልብ ያስሮጣል፣ አፍ ያደርቃል። “የልብ ምት የምታበርድ” እየተባለች ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር ፕሮፕራኖሎል የምትባል ኪኒን አለች፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ናት፤ ሐኪም ሳያዝልህ አትንካት።

የእሁዱ መዘጋት ከዚሁ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። አልኮል የጨጓራን በር ያላላል፤ ሥራ ጨርሰህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጥብስ በልተህ ከተኛህ አሲዱ ወደ ጉሮሮ ይወጣና ስትነሳ ድምፅህን ጎርነን ያደርገዋል። ከሥራ በፊት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ደህና አድርገህ ብላ፤ ከሥራ በኋላ ቀለል ያለ ነገር ቅመስ፤ የአልጋህን ራስጌ ከፍ አድርግ። ሌላው ጠላት ሞኒተርህ፣ መድረክ ላይ ራስህን የምትሰማበት ስፒከር ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባር እ.ኤ.አ. በ1911 እንዳሳየው ሰው ጫጫታ ውስጥ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከድራሙ ሥር ራስህን ካልሰማህ ሌሊቱን ሙሉ ትጮኻለህ። ሳውንድ ቼክ ላይ ሳውንድ ማኑ ሞኒተሩ ውስጥ ኪቦርዱን ቀንሶ ያንተን ድምፅ ያውጣልህ። ማይኩ ከከንፈርህ ሁለት ሦስት ጣት ይራቅ፤ ከፍተኛው ቦታ ላይ አንድ ስንዝር አርቀው። ሲጠጋ ባሱ ይጨምራል፣ ለዝቅተኛው ስንኝ ይጠቅምሃል። ራሱን በመዳፍህ አትጨብጠው፤ የሚጮኸው ያኔ ነው። በእረፍት ሰዓት ዲጄው እያጫወተ ከደንበኛ ጋር መጯጯኽ ከመዝፈን ይብሳል፤ ሰው ሰላም ሊልህ ከፈለገ ወደ በረንዳ ውሰደው። እሁድ ዝም በል፤ ሹክሹክታም ጉሮሮን ያደክማል። እንዲህ አድርገህ መጎርነኑ ከሦስት ሳምንት በላይ ሳይለቅህ ከቀጠለ፣ ወይም ሲያስልህ ደም ካየህ፣ ዝንጅብልና ማር ላይ አትቆይ፤ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄደህ የድምፅ አውታርህን በካሜራ ያስተውልልህ።